የሁዳዴ ሥራ፦ ቴነር ሳክስፎን ፍለጋ

ዘወረደ

ሁዳዴ ገባ። ሠርግ የለም። ባንዳችን እስከ ፋሲካ ሥራ ፈት ነው። እኔም ስንት ዓመት «በዚህ ጾም አደርገዋለሁ» እያልኩ ያሳደርኩትን ነገር ዛሬ ጀመርኩ። ሳክስፎኔን የሚተካ ልፈልግ ነው።

ያስጀመረኝ ከቅበላ በፊት የነበረው የመጨረሻው ሠርግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ኢ ፍላት የምትባለው የታችኛዋ ኖታ ቁልፍ የቆመባት ትንሽ ምሰሶ ከብየዳዋ ተላቃ እጄ ላይ ቀረች። ይቺ ቁልፍ ሳትነካ ዝግ ሆና ነው የምትቀመጠው። እሷ ከተከፈተች ከሷ በታች ያለው ኖታ ሁሉ አበቃለት። ከአበባ ማሰሪያ ላይ ላስቲክ ፈትቼ ጠፈርኳት። ሰው አላወቀም። ኪቦርዲስታችን ግን አውቋል፤ ዝቅ ያለ ኖታ በመጣ ቁጥር ዞሮ ያየኝ ነበር።

ሳክሱ ቬልትክላንግ ይባላል። የምሥራቅ ጀርመን ሥራ ነው። በጀርመንኛ «የዓለም ድምፅ» እንደማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጡረታ ከወጡ ጋሼ ላይ ገዛሁት። ሲያስረክቡኝ ሳጥኑን ዘጉና «ይቺ ልጅ ዲ ላይ ትቸኩላለች፤ ያዛት» አሉኝ። የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ወጣሁ።

ገንዘቡ አለ። እቁቤ በጥር ወጣልኝ፤ 5,000 ዶላር። ባለቤቴ ለወጥ ቤቱ ወለል አስባው ነበር። እስከ ዳግም ትንሣኤ ጊዜ ሰጥታኛለች። የዚያን ዕለት ሠርግ አለን፤ ካልገዛሁ ገንዘቡ ወደ ወለሉ ይሄዳል።

ቅድስት

መጀመሪያ አሮጌው ይድናል ወይ የሚለውን ማወቅ ነበረብኝ። ከባልቲሞር ወዲህ ማዶ ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጠጋኝ አለ። ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ወሬ አይወድም። ሳክሱን ተቀበለኝና ረጅም የመብራት ገመድ በደወሉ (በሰፊው አፉ) በኩል ወደ ሆዱ ሰደደ። የክፍሉን መብራት አጠፋ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሲዘጋ በየዳሩ ብርሃን ይወጣል። አሮጌ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀን ተጋድማችሁ ጣሪያውን አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ልክ እንደዚያ ነው።

ቀዳዳውን የሚዘጋው ፓድ ነው። ከውስጥ ካርቶንና ፌልት፣ ከላይ ስስ ቆዳ የለበሰ ክብ ነገር። ቆዳው ሲደርቅ፣ ቁልፉ ሲጎብጥ፣ ዘንጉ ሲበላ መግጠሙን ይተዋል። ፀጉር የምታህል ክፍተት ትበቃለች። ነፊው ደግሞ ሳያውቀው በኃይል ይነፋል፣ ይጨብጣል። እኔ «የእጄ ጣት እያረጀ ነው» ስል የከረምኩት ይሄ ኖሯል።

ሰውዬው ሒሳቡን በእርሳስ ጻፈልኝ። ፓድ በሙሉ መለወጥ፣ ምሰሶዋን መበየድ፣ የላሉትን ዘንጎች ማጥበቅ፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበትን ማስተካከል፦ 1,300 ዶላር። ቀጥሎ ከሥሩ አሰመረና «ይሄን ሁሉ ከፍለህ 500 ዶላር የሚያወጣ ሳክስ ይኖርሃል» አለኝ። ሥራ እያጣ እውነቱን የሚናገር ሰው ደስ ይለኛል። ምሰሶዋን ብቻ በ60 ዶላር አስበይጄ ተመለስኩ።

ምኩራብ

የምፈልገውን ሳላውቅ ሱቅ መሄድ አልፈለግሁም። ስለዚህ ያለኝን ለካሁት።

ረዳቴ ልጄ ነው። 14 ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤት ባንድ አልቶ፣ ከቴነር አነስ ያለውን ሳክስ፣ ይነፋል። ስልኩ ላይ ቱነር (ኖታ ከቦታው መውጣት መውረዱን የሚለካ) ከፈተ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱን ኖታ አራት አራት ሰከንድ እይዛለሁ፤ እሱ ይጽፋል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። 5 ሴንት ብዙ ሰው አይሰማውም። 20 ሴንት ግን ያልተማረ ጆሮም «ምን ሆነ?» ይላል።

የመጀመሪያው ዙር እንደ ወትሮዬ ነው። ውጤቱ ኩራት ሰጠኝ። ከ8 ሴንት በላይ የወጣ ኖታ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ዙር «በሰነፍ አፍ» ነው። መንጋጋዬን አንድ ቦታ አቁሜ፣ ሳላወጣ ሳላወርድ፣ ትንፋሽ ብቻ። እዚህ ላይ ጉዱ ወጣ። ክፍቷ ሲ ሻርፕ 19 ሴንት ወረደች። የመሃሏ ዲ 27 ሴንት ወጣች። የላይኞቹ የመዳፍ ቁልፎች ከዚያም በላይ ሄዱ።

የመሃሏ ዲ በብዙ ሳክስፎን ላይ ትቸኩላለች። ነገሩ ከአሠራሩ ነው። ከታችኛው ወደ ላይኛው ስምንተኛ (ኦክታቭ) ለመዝለል አንዲት ትንሽ መተንፈሻ ትከፈታለች። ለእያንዳንዱ ኖታ የራሱ መተንፈሻ ቢኖረው ጥሩ ነበር። ያሉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አካሉ ላይ ያለችው ከዲ እስከ ጂ ሻርፕ፣ አንገቱ ላይ ያለችው ከኤ ጀምሮ ላለው ያገለግላሉ። አንዲት መተንፈሻ ለሰባት ኖታ ስትጋራ ዳር ላይ ያለችው ዲ ይጎዳታል። አዶልፍ ሳክስ ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1846 ካስመዘገበ ወዲህ ስንት ነገር ተሻሽሏል። ይቺ ዲ ግን አሁንም አለች፤ በጥሩ ሳክስ ላይ ትንሽ፣ በኔው ላይ ብዙ።

ለምን እሷ ላይ እንደቆምኩ ልንገራችሁ። ቴነር የቢ ፍላት መሣሪያ ነው። እኔ ዲ ስነፋ ኪቦርዱ ላይ የሚገኘው ሲ ነው። ዘፋኛችን ደግሞ ሲ ይመቸዋል። ስለዚህ ያቺ ቸኳላ ዲ ለኔ መነሻም ማረፊያም ናት። በትዝታ ቅኝት ያን ያህል አታጋልጥም፤ ቀጥላ ያለችው ኢ አንድ ሙሉ ድምፅ ትርቃለች። አንቺሆዬ ላይ ግን ከዲ ቀጥሎ ያለችው ኢ ፍላት ናት፣ ግማሽ ድምፅ ብቻ። በኔ ሳክስ ኢ ፍላቷ ቦታዋ ላይ ነች፣ 4 ሴንት ብትወጣ ነው። ዲዋ 27 ከወጣች በመሃላቸው ካለው ክፍተት ሩብ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያደርገው ደግሞ ያ ጠባብ እርምጃ ነው። እሱ ከተጨመቀ ቅኝቱ ሳይሆን የተሳሳተ ኖታ ነው የሚመስለው።

ጋሼ ታዲያ ትክክል ነበሩ። 25 ዓመት ሙሉ መንጋጋዬን እያወረድኩ ይዣታለሁ፤ እንደያዝኳት ግን አላውቅም ነበር።

ልጄ ወረቀቱን አየና «አባዬ፣ አዲሱ ሳክስ ልክ ከሆነስ?» አለኝ። አልመለስኩለትም።

መጻጉዕ

ዊተን፣ ትልቁ የሙዚቃ ዕቃ መደብር። ከ9 ሰዓት በኋላ በልቼ ነው የሄድኩት። በባዶ ሆድ ቴነር አይነፋም። ባለፈው ዓመት ሞክሬው ግድግዳው ዞሮብኛል።

ይዤ የሄድኩት የራሴን ማውዝፒስ፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ነው፤ ኦቶ ሊንክ የሚባል የጎማ፣ የመክፈቻው ስፋት 7 ቁጥር። ሪዱም (ማውዝፒሱ ላይ የምትታሰረው፣ ስትነፋ የምትርገበገበው ስስ ልጥ) ሳምንት ያሸሁት፣ ጥንካሬው ሁለት ተኩል። ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ከድምፅህ አብዛኛው ከአፍህ፣ ከማውዝፒስህና ከሪድህ ነው የሚወጣው። በሱቁ ማውዝፒስ ሞክሮ የገዛ ሰው የገዛው ማውዝፒሱን ነው፤ እሱ ደግሞ አብሮ አይሰጥም።

የሙከራውን ቅደም ተከተል ጽፌ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የመጨረሻዋ ታችኛ ቢ ፍላት፣ በሹክሹክታ። እሷ በቀስታ ከወጣች ሳክሱ አያፈስም ማለት ነው። ቀጥሎ ዲ ከኢ ፍላት፣ እየተመላለስኩ። ቀጥሎ አንቺሆዬ። ቀጥሎ ሽለላ። ፍጥነት መጨረሻ። ከጎኔ ባለው ክፍል አንድ ወጣት በፍጥነት ጀምሮ በፍጥነት ጨረሰ፤ 20 ደቂቃ ውስጥ አራት ሳክስ አነሳ፣ አስቀመጠ። ምን እንደሰማ እሱ ያውቃል።

ያማሃ 280። የተማሪ ሳክስ ነው፤ አያሳፍርም። ጣት ሥር ይመቻል፣ ዲዋም ጨዋ ናት። ስገፋው ግን ድምፁ ይቀጥናል። አዳራሽ ውስጥ ከበሮና ቤዝ ጊታር ይውጡታል።

ያማሃ 62። ይሄ ሌላ ነገር ነው። አዲስ አስፋልት ላይ እንደመንዳት። በሰነፍ አፍ ዲዋ 8 ሴንት ብቻ ወጣች። ቢ ፍላቷ ሳትለመን መጣች። ከዚያ በወትሮ አፌ ደገምኩት። ዲዋ 17 ሴንት ወረደች። ልጄ የጠየቀኝ ይሄንን ነበር። ሳክሱ ልክ ሆነ፣ እኔ ተሳሳትኩ።

ሽለላውን ስጀምር አንድ ነገር ከበደኝ። ሽለላ ላይ ኖታ ቆሞ አይዋልም። ይጎተታል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮ ውስጥ ይፈጫል። ጌታቸው መኩሪያ የፎካሪውን ድምፅ ወደ ቴነር ሲያመጣው ይሄን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። እሱ በ2008 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ እኔን የመሰለ የሠርግ ነፊ ሁሉ ከሱ ማዕድ ፍርፋሪ ሲለቅም ነው የሚኖረው። 62ቱ ላይ ኖታዋን ጎትቼ ላወርዳት ስሞክር ትወርድና ወዲያው ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ስድነት አታውቅም።

ያናጊሳዋ ደብሊው ኦ 1። ይሄም የጃፓን ነው። ዲዋ 10 ሴንት። ቢ ፍላቷ ከሁሉም በቀስታ የወጣችው እዚህ ነው፤ ሻጩ ስልኩን ትቶ ቀና አለ። ሽለላው ላይ ደግሞ ጎተትኩ፣ መጣ። ስለቀው ተመለሰ። እኔ ስለቀው ነው ታዲያ፣ ቀድሞኝ አይደለም።

ሻጩ ከነሐስ የተሠራውን ደብሊው ኦ 2ንም አቀበለኝ። ይሄኛው «ሞቅ ያለ ነው» አለ። የብረቱ ዓይነት ድምፅ ይለውጣል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በደንብ አዳምጬ ልዩነቱን ሰማሁ ብዬ ለመማል አልደፈርኩም። ቀለሙ ግን ያምራል። የፈረንሳዮቹን ሰልመሮች ዋጋቸውን አንብቤ ከሩቅ ተሳለምኳቸው።

ደብረ ዘይት

ይሄ ሳምንት የፈተና ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው ኮን 10 ኤም የሚባል አሮጌ ቴነር ሊሸጥ ነው። ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና የተሠራ፣ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። ዋጋው 2,400። የእቁቡ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይሄን ሳክስ አሜሪካኖቹ «እርቃኗ እመቤት» ይሉታል። ደወሉ ላይ ደረቷ የተገለጠ ሴት ተቀርጻለች። ፎቶውን ለባለቤቴ አሳየኋት። ስልኩን ትንሽ አየችው። «በሁዳዴ ይቺን አቅፈህ ልትገባ ነው?» አለችኝ። «ከፋሲካ በኋላ አመጣታለሁ» ብላትም አልሳቀችም።

ሄድኩ። ነፋሁት። የሰውዬው ሳሎን ጠበበ። እንዲህ ያለ ሰፊ ድምፅ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ደረቴ ላይ ነው የሚሰማኝ። ሽለላውን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ውሻው ተነስቶ ወጣ።

ደግነቱ ጠጋኙ አንድ ነገር አስተምሮኝ ነበር። አንገቱን አውልቄ በጎን በኩል ወደ መስኮት ያዝኩት። የላይኛው መስመር ያለ ስብራት ዞሮ መውረድ አለበት። የዚህኛው መሃሉ ላይ ጠፍጠፍ ብሏል። ከሥሩ በጣቴ ስዳስሰው የተጨማደደ ቆዳ የመሰለ ሽብሽብ አለ። አንዱ ሰው ማውዝፒስ ሲሰካ ወይ ሲነቅል በአንገቱ ላይ ተጭኖበታል። አንገት ከጎበጠ ቅኝቱ ይዛባል፤ ማቃናት ይቻላል፣ እንደነበረ መመለሱ ግን በዕድል ነው። የግራ እጅ ትንሿ ጣት የምትጫናቸው ቁልፎችም የድሮ አቀማመጥ ናቸው፣ ጠንካሮች። ጂ ሻርፕን ሦስት ጊዜ ስጫን ጣቴ ተቆጣች። ሠርግ ላይ ለአምስት ሰዓት ነው የምነፋው።

በመኪና ስመለስ እስከ ድልድዩ ድረስ ተጸጸትኩ። ከዚያ ተወኝ።

ገብር ኄር

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ መጥቶ ከፊሉ አባላት ዋሽንግተን የቀሩበትን ዘመን እንደ ትናንት ያወራሉ። ሰልመር ማርክ 6 አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ ሞዴል ነው። ዛሬም ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ስሙን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ጋሼ አስነፉኝ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ ዋጋውን ነገሩኝና አነፋፈሴ ተቀየረ፤ እንደ ብርጭቆ ይዤው ቁጭ አልኩ። ሳቁብኝ።

«የምን ማርክ 6 ነው የምታስበው» አሉኝ። «ማታ ለአምስት ሰዓት አንገትህ ላይ የሚንጠለጠለውን ፈልግ። ሁለቱን ቤትህ ውሰዳቸው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው ደህና ነፊ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት ካርዴን አስይዤ ያማሃ 62ቱንና ደብሊው ኦ 1ን ወሰድኩ። ለ7 ቀን።

ኒቆዲሞስ

ምድር ቤታችን። ኪቦርዲስቱና ቤዝ ጊታሪስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ሦስት ሳክስ አለ፤ ሁለቱ አዲሶችና ቬልትክላንጌ። ልጄ ከኮፍያ ውስጥ ቁጥር ያወጣል፣ እኔ በምልክት የተነገረኝን አነሳለሁ። ማውዝፒስ አንድ፣ ሪድ አንድ። ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር ነው የምነፋው፤ ስምንት ባር ትዝታ፣ ቀጥሎ የሽለላ መግቢያ። ዘጠኝ ዙር።

ኪቦርዲስቱ አሮጌውን ሦስቱንም ጊዜ አወቀው። ልቤ ሞቀ። የኔን ድምፅ ለይቶ አወቀ ብዬ። «በምን አወቅህ?» አልኩት።

«ቁልፉ ይንኳኳል» አለ። «የጽሕፈት መኪና ይመስላል።»

አዲሶቹን ትዝታ ላይ መለየት አልቻለም፤ ሲገምት ግማሹን አገኘ፣ ግማሹን ሳተ። ሽለላው ላይ ግን ሦስቱንም ጊዜ ደብሊው ኦ 1ን መረጠ። ለምን ስለው ቃል አጣ። በኋላ በእጁ የሆነ ነገር ሲጎትት አሳየኝ። ቤዝ ጊታሪስቱ ሁሉም አንድ ነው አለና ሽሮው መቼ ነው የሚደርሰው ብሎ ጠየቀ።

ማታ ብቻዬን ሁለቱን ተራ በተራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቤት ውስጥ ዞርኩ። ጋሼ ያሉኝን ማድረጌ ነው። ሁለቱም ከባዶች ናቸው፣ ቴነር ነዋ። ያማሃው የቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ትንሽ ይጫናል። ያናጊሳዋው የአውራ ጣት ማረፊያ ለእጄ ይመቻል። ይሄን ከማንም ዝርዝር ላይ አላነበብኩትም። ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሱ መጣ።

ቀኑ ሳይሞላ ያማሃውን መለስኩ። ደብሊው ኦ 1ን ገዛሁ። ከእቁቡ በ260 ዶላር አለፈ። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ወለሉን አይታ ዝም አለች።

ሆሳዕና

ሕማማት ነው። አይነፋም። ዝም ብሎ የሚሠራ ሥራ ግን አለ።

የአዲሱ አንገት ቡሽ ወፍራም ነው፤ ማውዝፒሴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የኮኑ አንገት ትዝ ስላለኝ አልታገልኩትም። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቀደድኩ፣ ቡሹ ላይ ጠመጠምኩ፣ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ግራ ቀኝ ሳብኩት። እየለካሁ፣ እየሳብኩ። ሰኞ ማታ ሲሆን ልክ መጣ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ትንሽ ልጨምርለት» አልኩና ላላ። ማውዝፒሱ እንደ ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል።

ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር። አንገቱን ከጀበናው እንፋሎት ላይ አስጠጋሁት፣ ቡሹን ብቻ፣ እያዞርኩ። ቡሽ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ያብጣል። አበጠ። የቡሽ ቅባት ቀባሁት፣ ገጠመ። ሁልጊዜ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ቡና ቡና የሚሸት ሳክስ ግን እስካሁን አላየሁም።

ሌላው ጂ ሻርፕ ነው። አዲስ ሆኖ ሳለ ፓዱ ይጣበቃል፤ ቁልፉን ስትጫን አይነሳም። ይሄ የሳክስፎን ሁሉ በሽታ ነው። ቁልፉን የሚያነሳው ሞላ ደካማ ነው፣ ምራቅ ደግሞ እዚያ ይሰበሰባል። ንጹሕ የዶላር ኖት ከፓዱ ሥር አስገብቶ፣ ቀስ ብሎ ዘግቶ መሳብ ነው። ባለ 1 ዶላር ይበቃል። ልጄ በባለ 20 ቢሆን ይሻላል ብሎ ተከራከረኝ፤ ኖቱ ከሥራው በኋላ ለማን እንደሚሆን ስለገባኝ በባለ 1 ጸናሁ።

ዳግም ትንሣኤ

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በቀን 20 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ሠራሁ። ኪቦርዱ ላይ ሲን በክብደት አስያዝኩ፣ እኔ ዲ ላይ ቆምኩ። መንጋጋዬ ይወርዳል፤ ድምፁ ይደፈርሳል፣ ከኪቦርዱ ጋር ተጣልቶ ሞገድ ይሠራል። ቀና አደርገዋለሁ፤ ሞገዱ ይዘገያል፣ ይቆማል። እንደገና ይወርዳል። 25 ዓመት የያዘ አፍ በአምስት ቀን አይለቅም።

ዛሬ ሠርጉ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ዲዋ ወረደች። ኪቦርዲስቱ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተሻለ። ሦስተኛው ላይ ጭፈራ ሆነ፣ እኔም ማሰብ ተውኩ፤ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

የሙሽራዋ አጎቶች ፉከራ ሲጀምሩ ሽለላ ገባሁ። ዲዋን ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። የሚገርመው እዚህ ላይ መንጋጋዬ ምንም ትምህርት አላስፈለገውም። ያ ያለ ቦታው እየመጣ ሳምንቱን ሙሉ ያስቸገረኝ እንቅስቃሴ ራሱ ነው። ሰው ተነሳ። አንዱ አጎት ጦር የያዘ ይመስል የማይክራፎን ማቆሚያውን ነጥቆ መሃል ገባ፤ ማይክራፎኑ ወደቀ፣ የድምፅ ሠራተኛው ጮኸ።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው የምጽፈው። ጂ ሻርፕ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣበቀች። ታችኛዋ ሲ ሻርፕ ትንሽ ትከብዳለች፤ ሰኔ ላይ ፓዶቹ ቦታቸውን ሲይዙ ለጠጋኙ አሳያለሁ። አውራ ጣቴ ደህና ነው።

ቬልትክላንጉን በ350 ዶላር ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ምሰሶዋም በደንብ ተበይዳለች። ነገ ከሥራ በኋላ ሊያየው የሚመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ጀማሪ ነኝ አለኝ። ዲዋን ልንገረው ወይስ ራሱ ያግኛት፣ ገና አልወሰንኩም።